እናቴ ካንሰር እንዳለባት እንዳትሰማ ተባለ፣ የኬሞውን ፎርም ማን ይፈርማል?

የመጨረሻዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ብዙ ጊዜ አንባቢ ነኝ እንጂ ጽፌ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ስለደረሰ ነው፣ ከረዘመባችሁ ይቅርታ። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ሆዷን እያመማት ክብደቷም እየወረደ ሲመጣ ምርመራ ጀመረች፣ ኮሎኖስኮፒ፣ ባዮፕሲ፣ ሲቲ ስካን ምናምን ሁሉ ተደረገላት፣ መጨረሻ ላይ የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው ወደ ጉበትም ሄዷል ተባለ። ተባለ ስላችሁ ለሷ አይደለም። ውጤቱ የመጣ ቀን ሀኪሙ ታላቅ ወንድሜን ኮሪደር ላይ ጠርቶ ነገረው፣ እሷ ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እየጠበቀች። ወንድሜም እዛው ቆሞ "በፍጹም እንዳይነገራት፣ ከሰማች ካንሰሩ ሳይሆን ድንጋጤው ነው የሚገድላት" አለ፣ ሀኪሙም እሺ ብሎ ገባና "የአንጀት ቁስለት ነው እማማ፣ በመርፌ እናክመዋለን" አላት።

ከዛ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሁሉም ሰው አፉን ጠብቆ ነው የሚውለው። እህቶቼ ተማምለዋል፣ ነርሶቹም እንዳይናገሩ ተነግሯቸዋል። ችግሩ እማዬ እንዲህ በቀላሉ የምትሸወድ ሴት አለመሆኗ ነው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ኦዲተር ሆና የሰው ሰነድ ስትበረብር ነው የኖረችው። በቀደም ክፍሏ ስገባ የምርመራ ደረሰኞቹን አልጋው ላይ ዘርግታ በቀን በቀን ትደረድራቸዋለች፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ አየችኝና "ለአንጀት ቁስለት ጉበቴን ምን ፈልገው ነው ሁለት ጊዜ ያነሱት?" አለችኝ። ምንም አልመለስኩላትም፣ ታላቅ እህቴ ደርሳ ወሬ ቀየረችልኝ።

አሁን ኬሞው በሚቀጥለው ሳምንት ይጀመራል፣ የሚፈረም የስምምነት ፎርም አለ። ወንድሜ "እኔ እፈርምላታለሁ፣ እሷ ምን ያስጨንቃታል" ይላል። እኔ ልቤ አልተቀበለውም ግን ደግሞ ነግሬያት የሆነ ነገር ብትሆን ዕድሜ ልኬን በእኔ ነው የሚሳበበው። ልጅ ለእናቱ እንዲህ መፈረም ይችላል ወይ? መደበቁስ ትክክል ነው? በተለይ በህክምናው ውስጥ ያላችሁ ሰዎች በናታችሁ መልሱልኝ።

ቀና_ሰው፦

እህቴ አይዞሽ፣ ፈጣሪ ይማርልሽ። እንደኔ እንደኔ ወንድምሽ ልክ ነው። ሰው በተስፋ ነው የሚድነው፣ ካንሰር የሚለውን ስም ከሰማ ግማሹ ሞተ ማለት ነው። የኔ አክስት ራሷን ችላ የምትሄድ የምትመጣ ሴት ነበረች፣ አንዱ ሀኪም ፊት ለፊት "ካንሰር ነው፣ ደግሞም ዘግይተሻል" ብሎ ለቀቀባት፣ ከዛ ቀን በኋላ እህል በአፏ አልዞረም፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች በቃ። እውነት ምናምን የሚሉሽን አትስሚ፣ እውነቱን አውቃ ምን ልታደርገው ነው? እናንተ ተሸከሙላት፣ ልጅ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይወለዳል።

ኬሞ_ክፍል_ነርስ፦

ውይ የኔ እህት፣ እኔ ይሄን ጉዳይ በየሳምንቱ ነው የማየው። ስለ ስነምግባሩ ሌላ ሰው ይጻፍልሽ፣ እኔ ከወንበሩ አጠገብ ሆኜ የማየውን ልንገርሽ ምክንያቱም መደበቅ ሲባል ሁሉም ሰው ስለ ሀዘን ብቻ ነው የሚያወራው፣ እኛን ግን የሚያስፈራን ሌላ ነገር ነው።

የትልቁ አንጀት ካንሰር ላይ በብዛት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ኦክሳሊፕላቲን ነው። ይሄ መድኃኒት ከገባ በኋላ ሰውየው ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ጣቱን እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ጉሮሮው የተዘጋ ይመስለዋል፣ መተንፈስ ያቃተው መስሎት የሚደነግጥ አለ። አስቀድመን ስንነግረው "አዎ ብላችሁኝ ነበር" ብሎ ለብ ያለ ነገር ይጠጣል፣ ያልተነገረው ሰው ግን በዛች ደቂቃ ሞቴ ደረሰ ነው የሚለው። መደንዘዙ ደግሞ እየቆየ እየባሰ ከሄደ መጠኑን መቀነስ ወይም ማቆም አለብን፣ የሚነግረን ታካሚው ራሱ ነው፣ በደም ምርመራ የሚታይ ነገር አይደለም። እናትሽ የቁስለት መርፌ ነው ብለው ካመኑ ጣታቸው ደነዘዘ ብለው ለምን ይነግሩናል? እርጅና ነው ብለው ነው ዝም የሚሉት።

ከሱ የሚብሰው ትኩሳት ነው። ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ያወርዳል፣ በዛ ሰዓት ትኩሳት 38 ከደረሰ ድንገተኛ ነው፣ በሰዓታት ውስጥ አንቲባዮቲክ ካልተጀመረ ሰው ሊሞት ይችላል። በዚህ የሚሞተው ደግሞ ካንሰሩ ገና ብዙ ጊዜ ይሰጠው የነበረ ሰው ሊሆን ይችላል። ኬሞ ላይ መሆኑን የማያውቅ ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ተከናንቦ ይተኛል። በአፍ የሚዋጥ ኬፕሲታቢን የሚባል ኪኒን ካዘዙላቸውም እንደዛው ነው፣ ኃይለኛ ተቅማጥ ከጀመረ ኪኒኑን አቁሞ መደወል ነው፣ ግን ይሄን የሚያውቀው ምን እየዋጠ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው። ሌላ ክሊኒክ ሄደው "ምን ትወስጃለሽ" ቢባሉ "የቁስለት መድኃኒት" ይላሉ፣ ያኛው ሀኪም ደግሞ ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን ቢጨምርበት ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው ሲሆኑ ደም መፍሰስ ያመጣሉ።

እና ደግሞ እባካችሁ እኛንም አስቡን። አንድ እናት ክንዳቸውን ይዤ መርፌ እየፈለግኩ "ልጄ እውነቱን ንገሪኝ፣ እዚህ የተቀመጡት ሁሉ ቁስለት ነው ያለባቸው?" ሲሉኝ ምን ልበል? በሩ ላይ ኦንኮሎጂ (የካንሰር ህክምና ማለት ነው) ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። አጠገባቸው ያለችው ታካሚ የጡት ካንሰሯን ታሪክ እያወራችላቸው ነው።

@ቀና_ሰው አክስትህን ነፍስ ይማር። ግን ያ ሀኪም የሰራው መንገር አይደለም፣ መወርወር ነው። የሱን ብልግና ለመደበቅ ማስረጃ አታድርገው።

የመጨረሻዋ፦

ነርስ እግዜር ይስጥሽ፣ የትኩሳቱን ነገር ማንም አልነገረንም ነበር። ምናልባት ለወንድሜ ነግረውት ይሆናል፣ እሱ ግን ከኛ ጋር አይኖርም።

ሁለቱንም_አያለሁ፦

እኔ ሀኪም አይደለሁም፣ ሶሲዮሎጂ ነው የተማርኩት፣ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። "ለታካሚው ራሱ ይነገር፣ ራሱ ይወስን" የሚለው ነገር ሰውን ብቻውን እንደቆመ አድርጎ የሚያይ አስተሳሰብ አይደለም ወይ? ብዙ ህዝብ ዘንድ በሽታ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ውሳኔም አብሮ ነው የሚወሰነው። በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 800 አረጋውያን ላይ የተሰራ ጥናት አለ፣ የተሰራጨ ካንሰር ያለበት ሰው ይነገረው ወይ ተብለው ሲጠየቁ ከአውሮፓ የመጡትና ጥቁር አሜሪካውያኑ 87ና 88 ከመቶ ይነገረው ሲሉ ከኮሪያ ከመጡት ግን ይነገረው ያሉት 47 ከመቶ ብቻ ናቸው። የሜክሲኮዎቹ መሃል ላይ ናቸው፣ 65። ስለዚህ ሁሉም ሰው ማወቅ ይፈልጋል ብሎ መነሳት ራሱ ሌላ ዓይነት ጫና ነው። ማወቅ የማይፈልግን ሰው በግድ እውነት መጋት ምን ዓይነት መብት ነው? ወንድምየውን እንደ ወንጀለኛ ባናየው ጥሩ ነው ባይ ነኝ፣ ሰውዬው እናቱን ስለሚወድ ነው።

ኦንኮሎጂስቱ፦

ሰላም፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። የካንሰር ሀኪም ነኝ፣ ትንሽ ልዘረዝር።

መጀመሪያ ስለ ፎርሙ ለጠየቅሽው፣ በአጭሩ ልጅ ለእናቱ መፈረም አይችልም። እናትሽ አዋቂ ናቸው፣ አእምሯቸው ሙሉ ነው (ደረሰኝ በቀን የሚደረድር ሰው አእምሮው ሙሉ ነው)፣ ስለዚህ የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። ቤተሰብ በምትክ የሚገባው ታካሚው ራሱን ሲስት፣ ወይም የመርሳት በሽታ በጣም ሲጸና፣ ብቻ መረዳትና መወሰን ሲያቅተው ነው። እሳቸው ራሳቸው ቢፈርሙም ደግሞ "ለቁስለት" ተብለው ከሆነ የፈረሙት ያ ፊርማ ምንም ዋጋ የለውም። ስምምነት ማለት ወረቀት አይደለም፣ ምን እንደሚደረግልህ ገብቶህ እሺ ማለት ነው።

ሁለተኛ ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ስህተቱ የጀመረው "አትንገሯት" ሲባል አይደለም፣ ከዛ በፊት ነው፣ ኮሪደሩ ላይ። የእናትሽ ውጤት የእናትሽ ነው። ሀኪሙ ለልጃቸው ከመናገሩ በፊት "ውጤቱን ለማን ልንገር፣ ልጆችዎ ይግቡ?" ብሎ እሳቸውን መጠየቅ ነበረበት። ወንድምሽ ያልጠየቀውን ሸክም ነው ድንገት የተሸከመው፣ በዛ ድንጋጤ ውስጥ ሆኖ መጀመሪያ የመጣለትን ተናገረ፣ እኔም እሱን አልወቅሰውም። የምወቅሰው ባልደረባዬን ነው፣ ኮሪደር ላይ በሁለት ደቂቃ የተባለን ነገር እንደ ህክምና ትዕዛዝ ተቀብሎ ስለገባ።

ደግሞ መደበቅ የቤተሰብ ፈጠራ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ እኛው ሀኪሞች ነን ያስተማርነው። የአሜሪካ ሀኪሞች ማህበር በ1847 ያወጣው የስነምግባር ደንብ ሀኪም መጥፎ መጥፎውን ለመናገር እንዳይቸኩል፣ የታካሚውን ቅስም የሚሰብር ነገር ሁሉ እንዲሸሽ ያዝ ነበር። በ1961 ቺካጎ ውስጥ ሀኪሞች ተጠይቀው ከመቶ 90 የሚያህሉት ለታካሚው ካንሰር ነው ብሎ አለመናገሩን እንመርጣለን አሉ። ያው ጥያቄ በ1979 ለሌሎች የአሜሪካ ሀኪሞች ሲቀርብ 97 ከመቶው እንናገራለን አሉ (ዓመቶቹ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አያችሁ አይደል፣ በ18 ዓመት ውስጥ ግልብጥ አለ። የምንምለው የጄኔቫ ቃለ መሃላ እንኳን በ1948 ሲወጣ የታካሚውን ራሱ የመወሰን መብት አከብራለሁ የሚል መስመር አልነበረውም፣ በ2017 ሲሻሻል ነው የገባው። እና ወንድምሽን "ኋላቀር" የሚል ሰው ካለ ትንሽ ይረጋጋ፣ ሙያው ራሱ ትናንት እዛው ነበር።

@ሁለቱንም_አያለሁ ጥናቱን አውቀዋለሁ፣ ግን የጠቀስከው ቁጥር ወዳንተ አይጎትትም። 47 ከመቶ ማለት እኮ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ይነገር ይላል ማለት ነው። እኔ ፊት የተቀመጠችው ሴት ከየትኛው ግማሽ እንደሆነች ከየት መጣሽ ብዬ አላውቅም፣ የማውቀው ከጠየቅኳት ነው። ማወቅ የማይፈልግን ሰው በግድ መጋት ስላልከው ግን መቶ በመቶ ከአንተ ጋር ነኝ፣ ደንቡም ካንተ ጋር ነው። የዓለም ህክምና ማህበር የሊዝበን መግለጫ የሚባለው፣ በ1981 ወጥቶ በኋላ የተሻሻለው፣ ታካሚ ራሱ በግልጽ ከጠየቀ እንዳይነገረው መብት አለው፣ በሱ ፋንታ ማን እንዲነገረው የመምረጥ መብትም አለው ይላል። ልብ በሉ፣ ራሱ ከጠየቀ ነው የሚለው፣ ልጁ ከጠየቀ አይልም። ሀኪም በራሱ መረጃ የሚይዝበት ቀዳዳም አለ፣ ለህይወቱ ወይ ለጤናው ከባድ አደጋ ያመጣል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ሲኖር፣ ለምሳሌ ራሱን ለመግደል በቋፍ ያለ ሰው። "ታዝናለች" የሚለው ግን እዛ ውስጥ አይገባም። ካንሰር ተብሎ የማያዝን ማን አለ።

እንዴት ይነገር ለሚለው፣ ብዙ ቦታ ሀኪሞች የሚማሩት ስፓይክስ የሚባል ባለ 6 ደረጃ አካሄድ አለ፣ በ2000 ነው የታተመው። ስድስቱንም እዚህ አልዘረዝርም፣ ዋናው ጥበብ ያለው ከመናገር በፊት ባሉት ሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው። አንደኛው "እስካሁን ስለ ህመምዎ ምን ተነገረዎት፣ እርስዎስ ምን ይመስልዎታል?" ነው። እዚህ ላይ ከታካሚዎቼ ስንቱ "ዶክተር እኔ ካንሰር ነው የሚመስለኝ፣ ልጆቼ እንዳይሰሙ ግን አደራ" እንደሚለኝ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ልጆቹ ከሷ ይደብቃሉ፣ እሷ ከልጆቿ ትደብቃለች፣ መሃል ላይ እኔ። ሁለተኛው ጥያቄ "ውጤቱን በዝርዝር ማወቅ ይፈልጋሉ ወይስ በጥቅሉ ብቻ፣ ወይስ ከልጆችዎ ለአንዱ ልንገር?" ነው። መልሱ "ለልጄ ንገረው፣ እኔ መስማት አልፈልግም" ከሆነ ያኔ ወንድምሽ ያለውን ሁሉ ማድረግ ይችላል፣ ግን በእናቱ ፈቃድ። እንደዛም ሆኖ ነርሷ ያለቻቸውን የትኩሳትና የመደንዘዝ ነገር ይነገራቸዋል፣ "የሚሰጥዎት መድኃኒት ኃይለኛ ነው፣ እነዚህ ምልክቶች ከመጡ ይደወላል" ለማለት የግድ ሁሉን መዘርዘር አያስፈልግም።

ከኬሞ_በኋላ፦

እኔ ደግሞ የተደበቀባት ሰው ሆኜ ልጻፍ፣ እስካሁን ከሷ ወገን የጻፈ የለምና። የጡት ካንሰር ነው የነበረብኝ፣ አሁን ደህና ነኝ ተመስገን። ቤተሰቤ ለሦስት ወር "እጢ ነው፣ ክፉ አይደለም" ይሉኝ ነበር፣ ባሌም ጭምር። ያወቅኩት ማንም ሳይነግረኝ ነው፣ የፓቶሎጂ ወረቀቱን አንድ የላብራቶሪ ልጅ በእጄ ሰጠኝ፣ ስልኬ ላይ ካርሲኖማ ምን ማለት እንደሆነ ፈለግኩ፣ አለቀ።

ግን ከዛ በፊት የነበሩት ሦስት ወራት ናቸው የሚያናድዱኝ። ቤት ውስጥ በር ስከፍት ወሬ ይቆማል። ከዚህ በፊት የሚቆጡኝ ሰዎች ሁሉ ድንገት ጨዋ ሆኑ፣ ልጄ ሳህን ሰብራ እንኳን "እማዬን እንዳታስቆጪ" ተብላ በሹክሹክታ ተገሰጸች። እህቴ ስትስመኝ ረዘም ታደርጋለች። ሰው እኮ ቂል አይደለም፣ የሆነ ነገር እንዳለ ታውቂያለሽ ግን ስሙን አታውቂውም፣ እና ጭንቅላትሽ ከእውነቱ የባሰ ነገር ይፈጥራል፣ እኔ ሳላውቅ ልጆቼን ለማን እንደሚሰጧቸው ተማክረው የጨረሱ ነበር የሚመስለኝ። ማልቀስ ሲያምረኝ ሻወር ቤት እገባለሁ ምክንያቱም እነሱ "ደህና ነሽ" ካሉኝ ለምን አለቀስሽ ሲሉኝ የምመልሰው የለኝም። ሲነገረኝ አለቀስኩ፣ አዎ፣ ሁለት ቀን ሙሉ። በሦስተኛው ቀን ግን ከባሌ ጋር ቁጭ ብለን ስለ ስራዬ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ጸጉሬን ቀድሜ ልቆረጥ ወይስ እስኪረግፍ ልጠብቅ አወራን፣ ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያው እውነተኛ ወሬያችን ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ እኛ ሰፈር ግን ተገልብጧል፣ በሽተኛው ሳይሆን ቤተሰቡ ነው የሚደብቀው ሃሃ። @ቀና_ሰው "አውቃ ምን ልታደርገው ነው" ያልከው ቃል ግን አሞኛል። ብዙ ነገር ላደርገው እችላለሁ። የማስታርቀው ሰው ሊኖረኝ ይችላል፣ የምጽፈው ኑዛዜ ሊኖረኝ ይችላል፣ ኬሞውን አልፈልግም ልል እችላለሁ፣ እሱም የኔ ነው።

የመጨረሻዋ፦

ሁላችሁንም አንድ በአንድ አንብቤያችኋለሁ፣ ለወንድሜም ላክሁለት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ "የቤታችንን ጉዳይ ለማያውቁ ሰዎች ዘረገፍሽው" አለ። ማታ ግን ደወለና "እሺ ካንሰር መሆኑ ይነገራት፣ ግን ተሰራጭቷል፣ አይድንም የሚለው እንዳይነሳ" አለኝ። ይሄስ ይቻላል? ወይስ ግማሽ እውነትም ውሸት ነው? ደግሞ ስንት ጊዜ ነው የቀረኝ ብላ ብትጠይቅስ?

ኦንኮሎጂስቱ፦

ወንድምሽ ጥሩ ሰው ነው፣ ይሄን ያህል መምጣቱ ቀላል አይደለም።

አዎ ይቻላል፣ በአንድ ቀን ሁሉ ነገር አይነገርም። የበሽታው ስም አንድ ነገር ነው፣ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ የመጀመሪያውን አውቆ ሁለተኛውን አሁን አልፈልግም የሚል ብዙ ሰው አለ። ገደቡን የሚያስቀምጡት ግን እናትሽ ናቸው። ከጠየቁ አይዋሽም፣ ካልጠየቁ አይጎተትም፣ ያላለቀውን በሌላ ቀን ትቀጥላላችሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ ኬሞው ለምን እንደሚሰጥ ይገባቸው። በ2012 የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት የተሰራጨ ካንሰር ኖሯቸው ኬሞ ከሚወስዱት ውስጥ፣ ኬሞው የማዳን ዕድሉ እጅግ ትንሽ መሆኑን ያልተረዱት ከሳንባ ካንሰር ታካሚዎች 69 ከመቶ፣ ከአንጀት ካንሰር ታካሚዎች ደግሞ 81 ከመቶ ሆነው ተገኙ። እነዚህ እንግዲህ ካንሰር እንዳለባቸው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እና ተነገረ ማለት ገባ ማለት አይደለም፣ ደጋግሞ ቀስ እያሉ መመለስ ያስፈልጋል።

"አይድንም" የሚለውን ቃል ደግሞ ወንድምሽ ከየት እንዳመጣው ሀኪሙን ጠይቁት። አንጀት ካንሰር ወደ ጉበት ብቻ ሄዶ እዛ ያሉት እጢዎች ጥቂት ከሆኑ በቀዶ ህክምና የሚወጣበት ጊዜ አለ፣ ከኬሞ በኋላ አንሶ የሚወጣለትም አለ። ሁሉም ሰው አይደለም፣ የእናትሽን ሲቲ ስካን ሳላይ ምንም አልልም፣ ግን ይሄ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። እናትሽ ካላወቁ ማን ይጠይቃል? ኦዲተሯ ራሳቸው ቢጠይቁ ሀኪሙ እንደ ኮሪደሩ በሁለት ደቂቃ የሚያመልጥ አይመስለኝም።

ስንት ጊዜ ቀረኝ ለሚለው፣ እኔ ቁጥር አልሰጥም፣ ቁጥር ሰጥቼ ትክክል የሆንኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። "በወራት ነው የማስበው" ወይም "በዓመታት ነው" ብዬ በሰፊው እናገራለሁ፣ ከዛ በፊት ግን "ይሄን የጠየቁኝ ለምንድነው፣ የሚያቅዱት ነገር አለ?" እላለሁ። ብዙ ጊዜ ከጥያቄው ጀርባ የልጅ ምርቃት ወይም ጉዞ አለ።

ከዚሁ ጋር የማስታገሻ ህክምና ቡድን፣ ፓሊየቲቭ የሚባለው፣ ካለ ከአሁኑ ይግባ። ብዙ ሰው ፓሊየቲቭ ሲባል "በቃ ተስፋ ቆረጡባት" ነው የሚመስለው። በ2010 የታተመ በ151 የሳንባ ካንሰር ታካሚዎች ላይ የተሰራ ጥናት ግን ከመጀመሪያው ፓሊየቲቭ የገባላቸው ሰዎች ድብርታቸው ቀንሶ፣ በመጨረሻው ጊዜ ከባድ ህክምና የወሰዱት አንሶ፣ በመካከለኛ ስሌት 11.6 ወር ሲኖሩ ሌሎቹ 8.9 ወር እንደኖሩ አሳይቷል። ህመም ያልበላው ሰው ይተኛል፣ ይበላል፣ ህክምናውንም ይችለዋል።

ሁለቱንም_አያለሁ፦

ዶክተር ስለ 47ቱ ያሉት ገብቶኛል፣ ተቀብያለሁ። አንድ ጥያቄ ግን፣ ታካሚዋ "ልጆቼ ያሉትን አድርጉ" ብትልስ? ፈልጋ ነው ወይስ ጫና አድርገውባት ነው፣ እንዴት ይለያል?

ኦንኮሎጂስቱ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብቻቸውን አናግራቸዋለሁ። ልጆቹን "ትንሽ ልያቸው፣ ውጭ ጠብቁኝ" ብዬ፣ ምርመራ ሰበብ አድርጌም ቢሆን። ልጆቹ ሲወጡ መልሱ ካልተለወጠ የራሳቸው ፍላጎት ነው ብዬ ካርዱ ላይ እጽፋለሁ፣ የመረጡትን ሰው ስምም እጽፋለሁ። ለሚቀጥለው ሀኪምም ይጠቅማል፣ አለበለዚያ ተረኛው ሳያውቅ ገብቶ ያፈነዳዋል። ሀሳባቸውን ሊቀይሩ ስለሚችሉ በሌላ ቀጠሮ መልሼ እጠይቃለሁ።

ኬሞ_ክፍል_ነርስ፦

@የመጨረሻዋ ከቀጠሮው በፊት ቤት ውስጥ ከጠየቁሽ ምን እንደምትይ ልንገርሽ ምክንያቱም በእርግጠኝነት ይጠይቁሻል። አንቺ ውጤት የምታበስሪ ሰው አይደለሽም፣ መዋሸትም የለብሽም። "እማዬ ጥያቄሽ ትክክል ነው፣ ሀኪሙ ራሱ ቁጭ ብሎ እንዲነግርሽ ቀጠሮ እናስይዛለን፣ አብሬሽ እገባለሁ" በያቸው፣ በቃ። ከዛ ለሀኪሙ ደውላችሁ ከኬሞው ቀን በፊት ሌላ ቀን ጠይቁ፣ የኬሞው ዕለት ጠዋት ወረፋ መሃል አይሆንም። ማን እንደሚገባ እሳቸው ይምረጡ። የሚገባው ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዝ፣ ካንሰር የሚለው ቃል ከተሰማ በኋላ ያለውን ታካሚው አይሰማውም፣ ይሄን ሺህ ጊዜ አይቻለሁ።

ቀና_ሰው፦

እኔ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም፣ አክስቴን በዓይኔ ስላየሁ። ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ አጎቴ አሁን ኬሞ ላይ ነው፣ እኛም ምን እንደሚወስድ አልነገርነውም። ይሄ የትኩሳቱ ነገር አስጨነቀኝ። ትናንት ማታ ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ብርድ ልብስ ደርቦ ነበር፣ የራስ ምታት ኪኒን ሰጠነው ተሻለው።

ኬሞ_ክፍል_ነርስ፦

ወንድሜ ክርክሩን ተወውና አሁኑኑ ለካው። የመጨረሻ ኬሞ የወሰደው መቼ ነው? ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ከጎረቤትም ቢሆን አምጡ፣ 38 ከሆነ ወይ ከዛ በላይ ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱትና በር ላይ "ኬሞ እየወሰደ ነው" በሉ፣ ያቺን ቃል ካላላችሁ ወረፋ ነው የሚያስጠብቁት። ሙቀቱ ባይኖረውም መንቀጥቀጥ ካለው ያው ነው፣ ይሂድ። የራስ ምታት ኪኒን ያላችሁት ፓራሲታሞል ከሆነ ትኩሳቱን ሸፍኖት ሊሆን ይችላል፣ ሀኪም ሳያየው ድጋሚ አትስጡት። ምን ሆነ ብለህ ጻፍልኝ።